አንድ ጊዜ እንኳን ራሳቸው አቤት ይበሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ሀሳቤን ግን ከመጀመሪያው ልናገር። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ፣ ያለ ምንም ፍሬምወርክ፣ በሲ ቋንቋ፣ በራሱ እጅ ለዲስፕሌይ ሰርቨር ሪኩዌስት ልኮ አንድ መስኮት ስክሪን ላይ ሳያወጣ መመረቅ የለበትም ባይ ነኝ። ሦስት ሳምንት ይበቃዋል።

"ቲቸር ደግሞ ጀመረ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዚህ ዘመን ማን መስኮት በእጁ ይሠራል? ልክ ናችሁ፣ ማንም አይሠራም። እኔም ሥራ ገብታችሁ እንደዚያ ሥሩ አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፤ እስቲ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ሙያው ሌላ ለሆነ ወዳጆቼ ነገሩን ላስረዳ። ሊነክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ የምትከፍቱት ፕሮግራም ስክሪኑን በቀጥታ አይነካም። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የያዘው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ዲስፕሌይ ሰርቨር ይባላል። የእናንተ ፕሮግራም ክላየንት ነው። "መስኮት ፍጠርልኝ"፣ "መስኮቱን አሳይልኝ"፣ "እዚህ ጋ መስመር አስምርልኝ" እያለ ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩ ይፈጽማል፤ ሰው ቁልፍ ሲጫን ወይም ማውስ ሲያንቀሳቅስ ደግሞ ለክላየንቱ ወሬውን ይልክለታል። ይህ አሠራር ኤክስ በሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም አይ ቲ ተጀመረ፤ ዛሬም የምናውቀው 11ኛው ቅጂ በ1987 ወጣ። ከእኔ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሳይወለዱ ማለት ነው።

የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር አለላችሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጉዳይ ያለው እንግዳ ዘው ብሎ ንጉሡ ፊት አይቀርብም። ባልደረባ ይመደብለታል። ዛሬ "ባልደረባ" ስንል የሥራ ጓደኛ ማለታችን ነው፤ ያኔ ግን በእንግዳውና በንጉሡ መካከል ሆኖ ቃል የሚያመላልስ፣ ጉዳዩን የሚያስፈጽም ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው የሃሪስ ቡድንም ሸዋ ሲገባ ያገኘው ይህንን ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ዲስፕሌይ ሰርቨሩን እንደ ንጉሡ ውሰዱት። ጂቲኬ፣ ኪውቲ፣ ፍለተርና የመሳሰሉት ባልደረባዎች ናቸው። ደግ ናቸው፣ ሥርዓቱን ያውቃሉ፣ እናንተን ወክለው ይናገራሉ። ችግሩ የሚመጣው ባልደረባው የቀረ ቀን ወይም የተናገራችሁትን አሳስቶ ያደረሰ ቀን ነው። የግቢውን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ልጅ ለሰርቨሩ በራሱ እጅ ሪኩዌስት ሲልክ ምን ይማራል? እኔ አራት ነገር እቆጥራለሁ።

አንደኛ፣ ጥያቄ ቅርጽ እንዳለው ይማራል። በኤክስ 11 ክላየንቱ ገና ሲገናኝ የሚልከው የመጀመሪያው ባይት ቁጥሮችን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጽፍ የሚናገር ነው፤ 66 ከሆነ ትልቁ ባይት ይቀድማል፣ 108 ከሆነ ትንሹ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሪኩዌስት የሥራውን ቁጥር በ1 ባይት፣ የመልእክቱን ርዝመት ደግሞ በ2 ባይት ይዞ ይሄዳል፤ ርዝመቱ የሚቆጠረው በአራት አራት ባይት ነው። "ይህን መስኮት አሳይ" የሚለው ጥያቄ ቁጥሩ 8 ነው፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 8 ባይት ብቻ። በቃ! ስምንት ባይት። ይህን በወረቀት ላይ የጻፈ ልጅ "ኮምፒውተሩ እንቢ አለኝ" አይልም፤ "ስንት ባይት ላክሁ?" ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የተናገሩት ሁሉ ወዲያው እንደማይደርስ ይማራል። በዚህ ጉዳይ ስንቱ ተማሪ ነው "ቲቸር፣ ኮዱ ልክ ነው፣ መስኮቱ ግን አልመጣም" ያለኝ! ኮዱ እውነትም ልክ ነው። ግን ኤክስሊብ የሚባለው ላይብረሪ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ አይልክም፤ መጀመሪያ በክላየንቱ ዘንድ ያጠራቅማል፣ በኋላ አንድ ላይ ይሰዳል። ልጁ መስኮት እንዲታይ ጠይቆ ወዲያው ፕሮግራሙን ለአሥር ሰኮንድ ያስተኛዋል። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፖስታ ውስጥ ገብቷል፣ ግን ኪስ ውስጥ ነው ያለው። "አሁን ላክ" የሚለውን ፍለሽ የተባለ ትእዛዝ ሲጨምርበት መስኮቱ ብቅ ይላል።

የዚህ ነገር ወንድሙ ደግሞ አለ። መስኮቱ ሳይታይ በፊት የሣሉበት ሥዕል ይጠፋል። ሰርቨሩ "አሁን መስኮትህ ተገልጧል፣ ሣልበት" የሚል ኤክስፖዝ የተባለ መልእክት እስኪልክ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳይጠሩት አቤት ያለ ሰው ማን ይሰማዋል?

ሦስተኛ፣ ዝምታን ማንበብ ይማራል። መስኮት አሳይ ብላችሁ ስትጠይቁ ሰርቨሩ "እሺ" አይላችሁም። ነገሩ ከተሳካ ዝም ነው። ከተሳሳተ ግን 32 ባይት የሆነ የስሕተት መልእክት ይመጣል፤ እሱም ወዲያው ሳይሆን ዘግይቶ፣ እናንተ ሌላ አሥር ነገር ከጠየቃችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ ውስጥ ግን የስንተኛው ጥያቄ ስሕተት እንደሆነ የሚናገር ተራ ቁጥር አለ። ልጁ ፕሮግራሙ የቆመበትን መስመር ትቶ ጥፋቱ የተሠራበትን መስመር ወደ ኋላ ቆጥሮ ያገኛል። ይህን ልማድ ያገኘ ልጅ ነገ የባንክ ሲስተም ላይ ቢሠራ፣ የቴሌኮም ሰርቨር ላይ ቢሠራ ይጠቅመዋል። ስሕተት የታየበት ቦታና ስሕተት የተሠራበት ቦታ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፣ መመላለስ ዋጋ እንዳለው ይማራል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰው አምስት ማስረጃ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚፈልግ ቢሆንና ለእያንዳንዱ ማስረጃ ሄዶ ጠይቆ፣ ይዞ ተመልሶ፣ እንደገና ለሌላው ቢሄድ ምን ትሉታላችሁ? ብዙ ፕሮግራም ግን እንደዚያ ነው የሚሠራው። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ይልካል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቀጣዩን ይልካል። ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰኮንድ በሆነ መስመር ላይ 50 ጥያቄ እንዲህ አንድ በአንድ ቢላክ 5 ሰኮንድ ያልቃል። ኤክስሲቢ የሚባለው ላይብረሪ የተሻለ መንገድ ይሰጣል፦ ሃምሳውንም በአንድ ጊዜ ላክ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ደረሰኝ ያለ ምልክት ያዝ፣ መልሱን በኋላ በደረሰኙ ሰብስብ። ያው 5 ሰኮንድ ወደ አንድ ደርሶ መልስ ይወርዳል። በደካማ ኢንተርኔት ለሚኖር ሕዝብ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው "አለቀ፣ ተፈታ" ብሎ ያስባል። ግን ሰርቨሩ ለክላየንቱ የሚልከው ፊደል አይደለም፤ የተጫነውን ቁልፍ ቁጥር ነው። በተለመደው አጻጻፍ "ሉ" ለማለት ሁለት ቁልፍ እንጫናለን፤ ሰርቨሩም ሁለት ቁጥር ይልካል። ሁለቱን አጋጥሞ "ሉ" የሚያደርገው ኢንፑት ሜተድ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራመሩ ይህን ካላወቀና የቁልፉን ቁጥር በቀጥታ እንደ ፊደል ከወሰደው፣ የሠራው ፕሮግራም እንግሊዝኛ እያሳመረ ይጽፋል፣ አማርኛ ላይ ግን ድዳ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔም አይቻለሁ። ፈረንጁ ፕሮግራመር አማርኛን ስላላሰበ አልወቅሰውም። የሚቆጨኝ የእኛው ልጅ ይህን ጉድለት ሲያገኝ ከየት እንደሚጀምር አለማወቁ ነው። "አማርኛ አይሠራም" ብሎ ይተወዋል። የት ላይ ነው የማይሠራው? ቁልፉ አልመጣም? መጥቶ አልተተረጎመም? ተተርጉሞ ፎንቱ አጣው? ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ትምህርቱን ሁሉ ከኢንተርኔት በሚወርድ ፓኬጅ ላይ የመሠረተ ተማሪ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ለመጀመር እንኳን መቶ ነገር መውረድ አለበት። የሲ ኮምፓይለርና የኤክስ ላይብረሪ ግን አንዴ ከተጫኑ ማሽኑ ውስጥ ናቸው። መመሪያውም አብሮ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ራሱ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ ያለ ምንም ኔትወርክ፣ የክላየንትና የሰርቨርን ሥራ ከሥሩ መማር ይቻላል። እኛ ባለንበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልሂድ። የመጀመሪያው፣ "ቀጣሪ የሚጠይቀው ሪአክትና ፍለተር ነው" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ልጁም እንጀራ መብላት አለበት። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት ያልኩት፣ ሦስት ዓመት አላልኩም። የቀረውን ጊዜ ገበያው የሚፈልገውን ይማር። ደግሞ ሪአክትም ቢሆን ከሰርቨር ጋር የሚነጋገር ክላየንት አይደለም እንዴ? ጥያቄ ልኮ መጠበቅ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ስሕተት፣ የመመላለስ ዋጋ፤ ሁሉም እዚያም አለ። ልዩነቱ እዚያ ስድስት ንብርብር ከላይ ተጭኖበት አይታይም።

ሁለተኛው፣ "ኤክስ እኮ እየሞተ ነው፣ አሁን ዌይላንድ ነው" የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ኡቡንቱ 25.10 የኖምን የኤክስ መግቢያ አስቀርቷል። ነገሩ በምክንያት ነው፤ በኤክስ አንዱ ክላየንት ሌላው የሚጽፈውን ቁልፍ መስማት ይችላል፣ ዌይላንድ ይህን በር ዘግቷል። ግን ዌይላንድን ተመልከቱት። እዚያም ክላየንት አለ፣ ሰርቨር አለ፣ መልእክቱ ቁጥርና ርዝመት አለው። ክላየንቱ ሥዕሉን ራሱ በጋራ ሜሞሪ ላይ ይሥልና "ይህን ያዝ፣ እዚህ ጋ ተቀይሯል፣ አጽድቀው" ይላል። ሰርቨሩ የመስኮቱን ሁኔታ ሳይነግረውና እሱም "ሰምቻለሁ" ሳይል ሥዕል ካቀረበ ደግሞ ከግቢ ይባረራል፣ ግንኙነቱ ይቆረጣል። ንጉሡ ተለወጠ እንጂ ደጁ ያው ነው። በኤክስ የተማረ ልጅ ዌይላንድን በአንድ ሳምንት ይለምደዋል።

ሦስተኛው፣ አዲሱ፣ "ኤአይ ይጽፍልኛል" የሚለው ነው። ይጻፍልህ። ፍለሹን የረሳ እንደሆነስ ማን ያይልሃል? ያ ደግሞ ሌላ ባልደረባ ነው፤ ያውም አንደበቱ የጣፈጠ።

በመጨረሻ፣ የሚያስተምሩ ወዳጆቼ በቀጥታ እንዲወስዱት ሦስቱን ሳምንት ልዘርዝር። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ያለ ላይብረሪ፣ በሶኬት ብቻ፣ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝተው መስኮት ይፍጠሩና ያሳዩ። ባይቱን መጀመሪያ በወረቀት ይጻፉት። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ በኤክስሲቢ ይድገሙት፤ ጥያቄ በአንድ ላይ መላክና አንድ በአንድ መላክ ያለውን ልዩነት በሰዓት ይለኩ፤ ሆን ብለው የሌለ መስኮት ቁጥር ልከው የስሕተቱን ተራ ቁጥር ያንብቡ። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፍ ተቀብለው "ሉ"ን ስክሪን ላይ ያውጡ። በመሃል ቆሞ የሚተላለፈውን መልእክት የሚያሳይ ኤክስትሬስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ አሠሯቸው፣ ይደነቃሉ። ወጪው ዜሮ ነው።

እናንተ ሥራ የያዛችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያላችሁ፣ በአካባቢያችሁ ካለ ተማሪ ጋር ቁጭ በሉና የመጀመሪያውን መስኮት አብራችሁ አውጡ። ፎቶውን እዚህ ለጥፉልኝ። ባዶ ነጭ መስኮትም ቢሆን እኔ ላይክ አደርጋለሁ። የማትስማሙም ከሥር ጻፉ፤ በጨዋ ደንብ እንከራከር።

መልካም ሳምንት፣ ሰላም ለሁላችን።