ያልተከፈለ ኪራይና የቤቱ ቁልፍ
ተከራይ ኪራዩን ሳይከፍል ሲቀር አንዳንድ ባለቤቶች ቁልፍ ይለውጣሉ፤ መብራትም ያጠፋሉ። ቤቱን በእጁ ያደረገው ግን ተከራዩ ነውና ይህ አድራጎት ባለገንዘቡን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፥ ይኸውም ለዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል ቢያንስ 30 ቀን፥ ላነሰው 15 ቀን እንዲሆን ደነገገ። የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህም ለጀማሪ ሠራተኛ ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ባለቤት ሁሉ ባለጠጋ አይደለም፤ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል አከራይተው ጡረታቸውን የሚደጉሙ እናት፥ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲጨመር የሁለት ወሩ ገንዘብ ያልቅባቸዋል። እንግዲህ እኛ ችግሩን የምናየው ከማስጠንቀቂያው ቀን ይልቅ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ቀጠሮ ላይ ነው።