ስሙ የተፋቀው አይሲ

ይድረስ አገር ቤት ላላችሁ ወገኖቼ፤ በተለይ ካቻቢቴና ቴስተር ይዛችሁ የሰው ዕቃ ስትፈቱ ለምትውሉ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሙያዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ይሁንና የቀን ሥራዬ ስብሰባና ሪፖርት ስለሚበዛበት መሐንዲስነቴ ትዝ የሚለኝ ማታ ምድር ቤት ወርጄ መበየጃዬን ስሰካ ነው። ባለቤቴ ቦታውን «ገዳሙ» ትለዋለች፤ ከገባሁ አልወጣማ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እዚያው ቁጭ ብዬ ነው። ኑዛዜ ቢጤ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ፍሪጅ ነው። እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ መብራቱ ይደክማል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ይወጣል። በዚህ መሀል ሁለት ፍሪጅ ተቃጥሎባታል። ሁለተኛው ሲቃጠል በስልክ «ተወው ልጄ፣ ድሮስ በእንስራ አልነበር የምንጠጣው» አለችኝ። እንዲህ ስትል ማጽናናቷ ይሁን መውቀሷ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የፍሪጅ ሞተር ቮልቴጅ ሲወርድበት አርፎ አይቀመጥም። ያንኑ ጋዝ ለመግፋት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ መጠምጠሚያው ይቃጠላል። የባሰው ደግሞ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ነው። ጋዙ ገና በአንድ ወገን እንደታመቀ ስለሆነ ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፤ ቆሞ ከረንት ይጠጣል። ስለዚህ ቮልቴጁን እየለካ ከ190 ሲያንስ ወይም ከ245 ሲበልጥ የሚቆርጥ፣ መብራቱ ሲስተካከልም ጋዙ እስኪረጋ 5 ደቂቃ የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ሳጥን በቂ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ከገበያም አይታጣም። ግን መሐንዲስ ልጅ እያላት ከሱቅ ይገዛላት? ኩራት ይሉታል ይህን።

ሠራሁት። ለመለኪያና ለአይሲው ቀለብ 220ን ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ያንን 5 ቮልት ላይ የሚያረጋ 7805፣ ለመቁረጫ ሪሌ፣ ለአእምሮ አትሜጋ 328 የተባለው ባለ 28 እግር አይሲ። ይህ አይሲ የአርዱዊኖ ኡኖ ልብ ነው። ኮሌጅ የገባችሁ ሰማያዊውን ቦርድ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ የአይሲውን ዙሪያ ወረዳ ከራሴ አላመነጨሁትም። ክሪስታሉን፣ ከክሪስታሉ አጠገብ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች፣ ሪሴቱን የሚይዘውን ሬዚስተር ሁሉንም ከአርዱዊኖ ንድፍ ላይ ነው የገለበጥኩት። ሌብነት አይደለም፤ ንድፉ ለዚሁ ተብሎ የተለቀቀ ነው።

አርዱዊኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣሊያን ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የዲዛይን ተቋም ውስጥ ነው። ስሙን ያገኘው አስተማሪዎቹ ከሚያዘወትሩት ቡና ቤት ሲሆን፣ ቡና ቤቱ ደግሞ የተሰየመው ከሺህ ዓመት በፊት በነገሠ አርዱዊን በሚባል የአካባቢው ንጉሥ ነው። ተቋሙ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ነበር። ሠሪዎቹ ሥራቸው አብሮ እንዳይቀበር ብለው ንድፉን ለዓለም ለቀቁት፤ ማንም ይሥራው፣ ማንም ይለውጠው፣ ማንም ይሽጠው፣ ስሙን ብቻ አትንኩብን አሉ። (እርግጥ እዚያም ቅሬታ አልጠፋም። ቦርዱ የተነሣው ዋይሪንግ ከተባለው ከኮሎምቢያዊው ተማሪ ከኸርናንዶ ባራጋን የመመረቂያ ሥራ ላይ ነው፤ ባራጋንም ተገቢውን እውቅና አላገኘሁም ብሎ በአደባባይ ጽፏል። ንድፍ ክፍት ሆነ ማለት ሰው ሁሉ ጻድቅ ሆነ ማለት አይደለም።)

ቦርዱን የነደፍኩበት ኪካድ የተባለው ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው። ዣን-ፒየር ሻራ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረው፤ በኋላ ሰርን፣ ያ ጄኔቭ አጠገብ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ መሐንዲሶቹን መድቦ አሳደገው። ሰርን እ.ኤ.አ. በ2011 ለክፍት ሃርድዌር የሚሆን የራሱን የፈቃድ ውልም አውጥቷል። እኔ ለዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አልከፈልኩም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ስክሪኑ ነበር። ባለ ሁለት መስመር ርካሽ ስክሪን ነው፤ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም። ነገር ግን ስክሪኑ በአንድ ጊዜ 8 ምልክት እንድታስተምሩት ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ ወደ ጎን 5፣ ወደ ታች 8 ነጥብ። ፊደላችንን በ40 ነጥብ መሳል እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት! «ቅ»ን ከ«ቀ» የሚለይባት ቦታ አንዲት ነጥብ ናት፤ አንዱን ምሽት ሙሉ ፈጅታብኛለች። ደህና፣ ዝቅ፣ ከፍ። ሦስቱ ቃላት 7 ፊደል ጨረሱ። «ቆይ» ብዬ ልጨምር ብል ሁለት ፊደል ይፈልጋል፤ የቀረኝ ግን አንድ ቦታ ነው። በእሷ ላይ ሲኒ ሳልኩባት። ሲኒው ሲታይ ቡናሽን ጠጪ፣ 5 ደቂቃ ጠብቂ ማለት ነው።

አሁን ኑዛዜው መጣ። ሳጥኑ ሲያምርልኝ ጊዜ ሐሳብ ገባኝ። ዲያስፖራው ሁሉ እናት አለው፣ እናት ሁሉ ፍሪጅ አላት፤ እየሠራሁ ብሸጠውስ? ያን ማታ የብርጭቆ ወረቀት አወጣሁና በአይሲው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ስም ድምጥማጡን አጠፋሁት። ሳጥኑን በሙጫ አሸግሁ። ቀዳዳ የሚባል አልተውኩም። በነጻ ያገኘሁትን የሰው ሥራ ሰው እንዳያየው ቆለፍኩበት ማለት ነው።

እጄ ይህን ማን እንዳስተማረው አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ክረምት ክረምት እላላክ ነበር። በከተማው ውስጥ እንደ እሱ ያለ ጆሮ አልነበረም፤ ሬዲዮውን ከፍቶ ጩኸቱን ሰምቶ የሞተውን ዕቃ በጣቱ ያሳይ ነበር። የለወጠውን አይሲ ስም ግን ሳይፍቅ ለባለቤቱ አይመልስም። አንድ ቀን ለምን እንደሚፍቅ ጠየቅሁት። «ሙያ በልብ ነው» አለኝና ሻይ ላከኝ። ተመልሼ ስመጣ ሥራው አልቋል፤ ምን እንደለወጠ አላየሁም። ሻዩ ለዚያ እንደነበር የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

አልፈርድበትም። ያ ስም እንጀራው ነበር። እኔ ብለምደው ኖሮ ማዶ ሱቅ ከፍቼ ደንበኛ እቀማው ነበር፤ ሲሆንም አይቷል። ሥር የሚያውቅ የመድኃኒት አዋቂም ቅጠሉን በጭለማ የሚቆርጠው ክፉ ሆኖ አይደለም። ደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ ባንክ የሚገባለት እኔ «ክፈቱ፣ አካፍሉ» ብዬ ስሰብክ ለእናንተ ምን እንደምመስል አላጣሁትም። ብቻ ሰውዬው ሲሞት ያ ጆሮ አብሮ ተቀበረ። አንድ ወረቀት እንኳ አልተረፈም።

ሳጥኑ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ደሴ ደረሰ። ከመላኬ በፊት በሚገባ ፈትኜዋለሁ፤ የዚህን አገር 120 ቮልት በትራንስፎርመር ከፍ አድርጌ፣ 180ም 220ም 250ም አቅምሼዋለሁ። ሥራው ቀጥ ያለ ነበር። በሳምንቱ እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ያንተ ዕቃ ፍሪጁን ጾመኛ አደረገው» አለች። ማታ ማታ ይቆርጣል፣ ሲኒውን ያሳያል፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ ይለቃል፣ ወዲያው ደግሞ ይቆርጣል። ወተቱ ተበላሽቷል።

እዚያው ሰፈር ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ። እናቴ ሳጥኑን ይዛለት ሄደች። ልጁ ቢላዋ አግሎ ሙጫዬን ከፈተው፤ ከዚያ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ የአይሲው ስም ተፍቋል። ባለ 28 እግር ነው፤ 9ኛና 10ኛው ላይ 16 ሜጋ ሄርዝ ክሪስታል አለ፣ 7ኛው 5 ቮልት ይገባዋል፣ 8ኛው ግራውንድ ነው። 328 ነው አይደል?»

ምን ብዬ ልመልስ? ነው አልኩት።

ሁለተኛው መልእክት ጥያቄ ነበረው። «የእኔ ቴስተር 200 ላይ ረግቶ ቆሟል። የእርስዎ ዕቃ ግን አንዴ 183፣ አንዴ 215 እያለ ይጨፍራል። እዚያ አገር ሄርዙ ስንት ነው?»

ይህን ስሰማ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አሜሪካ 60 ነው፤ አገር ቤት 50። በ60 አንድ ሞገድ ለማለቅ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃዋል፤ በ50 ግን 20 ያስፈልገዋል። ኮዴ አንድ ሙሉ ሞገድ ለካሁ ብሎ በ16.7 በሩን ይዘጋል። ደሴ ላይ ያ ሞገድ ገና አንድ ስድስተኛው ይቀረዋል። የሚቀረው ቁራጭ ከጫፉ ከሆነ ልኬቱ ይወርዳል፣ ከዜሮው አካባቢ ከሆነ ይወጣል። በኋላ በወረቀት ሳሰላው፣ ደህናው 220 ከ201 እስከ 237 እየተወዛወዘ ሊታይ ይችላል። ቀን ቀን ምንም አይልም። ማታ 200 ሲሆን ግን 183 ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ይቆርጣል። ቮልቴጁን ስቀያይር ያመሸሁት ሰውዬ ሄርዙን ለአፍታ አላሰብኩትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በ50 ሄርዝ አምፖል ያጠናሁ ልጅ!

ልጁ «ወደ 20 ይለውጡት» አለ። ልክ ነው። እኔ ግን 100 ሚሊ ሴኮንድ አደረግሁት፤ በ100 ውስጥ የእናንተ ሞገድ 5 ጊዜ፣ የዚህኛው 6 ጊዜ ጥንቅቅ ብሎ ያልቃል። ስለዚህ እዚህ ብፈትነው እዚያም አያሳፍረኝም። ኮዱንም ንድፉንም አንድ ሳላስቀር ላክሁለት። ከተማሪ ጓደኛው ኡኖ ተዋሰና እሱኑ መጫኛ አድርጎ አዲሱን ኮድ አይሲው ላይ ጫነ። ፍሪጁ ጾሙን ፈታ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ለጎረቤት ሦስት ሠርቷል። ትራንስፎርመሩን ከሞቱ ሬዲዮዎች፣ ሪሌውን ከተጣለ ስታብላይዘር ነው የሚፈታው። ዋጋ የሚያስከፍለውም ለእጁ ነው፤ ንድፉን የጠየቀው ሰው የለም፣ ቢጠይቁትም ይሰጣል። ፊደሎቹን እያፈራረቀ መጫን እንደሚቻልም እሱ ነው ያገኘው፤ አሁን ስክሪኑ «ቆይ» ይላል። እናቴ ግን ሲኒው ካልተመለሰልኝ አለች፣ ተመለሰላት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የድሮ ሬዲዮ የጀርባ ክዳኑ ውስጥ ንድፉ ተለጥፎ ይመጣ ነበር፤ ትልልቆቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የዛሬ ዕቃ እሱን ትቶታል። እናንተ ስታብላይዘር ወይም ቻርጀር ፈትታችሁ መንገዱን ስታገኙ፣ የቦርዱን ፊትና ጀርባ በስልካችሁ አንሱት፤ የደረሳችሁበትን በእርሳስ ስላችሁ እዚያው ክዳን ውስጥ ለጥፉት፤ ሌላ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር። የሚቀጥለው ፈቺ ማንም ይሁን ማን ከዜሮ አይነሣም። ብዙ ጊዜም የሚቀጥለው ፈቺ እናንተው ናችሁ፤ ከዓመት በኋላ የገዛ ሥራውን የረሳ ጠጋኝ ስንት አለ። ዲያስፖራው ደግሞ 23 ኪሎ ሻንጣውን በዕቃ ሞልቶ ሲመጣ «ንድፉስ?» በሉት። ዕቃው በተበላሸ ማግስት እሱ ተመልሶ ሄዷል።

220 ቮልት ከሰው ጋር አይቀልድም፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ብቻ ለጀማሪዎች ንገሩልኝ። መለኪያው ከመስመሩ ጋር በትራንስፎርመር በኩል ይገናኝ እንጂ በሬዚስተር ብቻ አይገናኝ።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ከልጁ ሌላ መልእክት ገባ። «ጋሼ፣ 7805ቱ እጅ ያቃጥላል። ምን አስበው ነው ባለ 9 ትራንስፎርመር ያደረጉት? ባለ 6 አይበቃም?» መልሱ በእጄ ነው፤ ማታ መብራቱ ሲደክም የባለ 6ቱ ውጤት 7805 ከሚፈልገው በታች ይወርዳል፣ አይሲውም ፍሪጁን ሊያድን ይቅርና ራሱ ያንቀላፋል። ይህንኑ በኩራት መጻፍ ጀምሬ ንድፉን ከፈትኩት። ትራንስፎርመሩ ልክ ነው። የሳጥኑ ሥዕል ግን ያው የድሮው ነው፤ ልጁም ሦስቱን ሳጥን የሠራው በእሱ ነው፤ ሙቀት የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ እንኳ የለውም።