ሙታንን በጭቃ መቍጠር

ስድስት መቶ ሺሕ ሰው ሞተ ሲባል ሰምተን ማዕዳችንን እንቀጥላለን፤ የጎረቤታችን ልጅ ሲሞት ግን እንጀራው ከጕሮሯችን አይወርድም። ይህም ልባችን ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ቍጥር ስምም እናትም ስለሌለው ነው። በዚህ ወር የምንነግራችሁ ይህን የቍጥር ድንዛዜ በጭቃ ሊፈውሱ ስለ ተነሡ ሰዎች ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም.፥ በቤልጅየም አገር ኢፕር የምትባለው ከተማ አካባቢ ለአራት ዓመት የጦር ግንባር ሆኖ ኖረ። ጦርነቱ ካለቀ መቶ ዓመት በሞላ ጊዜ፥ በ2018 ዓ.ም.፥ ኩን ቫንመኸለን የተባለው የዚያው አገር ጥበበኛ በከተማዪቱ አጠገብ ፓሊንግቤክ በሚባለው ስፍራ 600,000 የጭቃ ምስሎች በሜዳ ላይ አኖረ። ቍጥሩ በቤልጅየም ምድር በጦርነቱ ምክንያት ለሞቱት ሁሉ አንድ አንድ እንዲደርሳቸው ነው። ምስሉ ጐንበስ ብሎ የተኰራመተ ሰው ሲሆን ጐልቶ የሚታየው የጀርባው አጥንት ነው።

ምስሎቹን ግን ጥበበኛው ብቻውን አልሠራቸውም። ከ2014 ጀምሮ አያሌ ሺሕ ሰዎች፥ ሕፃናትና ሽማግሎች ሳይቀሩ፥ በገዛ እጃቸው ጭቃውን ይዘው አበጁ። ወታደር በአንገቱ እንደሚያንጠለጥለው ባለ ምልክት ላይም የሠሪው ስምና ከሙታኑ የአንዱ ስም ተጻፈ። እንዲህ ሆኖ ሕያውና ሙት በአንድ ጭቃ ተዛመዱ።

በ2014 ዓ.ም. በለንደንም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ፖል ከሚንስና ቶም ፓይፐር የተባሉ ጥበበኞች በጥንታዊው የለንደን ግንብ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ 888,246 ቀይ የሸክላ አበቦች እንዲተከሉ አደረጉ። እያንዳንዱ አበባ በዚያ ጦርነት ለሞተ ለአንድ የብሪታንያ ወይም የቅኝ ግዛቶቿ ወታደር ነበረ። በየምሽቱም የ180 ሙታን ስም ይነበብ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስላው፤ ሁሉም በዚህ ዓይነት በስማቸው ይጠሩ ቢባል ከ13 ዓመት በላይ ሌሊት ሳይታጐል መነበብ ነበረበት!

በሁለቱ መካከል ግን ልዩነት አለ። የለንደኑ አበባ የተቈጠረው ለወገን ብቻ ነው፤ ይህንም በዚያው ጊዜ በአገሩ ጋዜጣ የነቀፈ አልታጣም። በኢፕር ግን ወዳጅና ጠላት፥ ወታደርና ባላገር በአንድ ሜዳ ተቈጠሩ። ለወገን ማልቀስ የተፈጥሮ ነገር ነውና አስተማሪ አያሻውም፤ የባላጋራንም እናት ኀዘን ማሰብ ግን ትምህርት ይፈልጋል።

ስለ ምን በእብነ በረድ ወይም በነሐስ አልሆነም? ነሐስ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ለጦር አለቃ ነው። ጭቃ ግን ርካሽ ነው፤ ሕፃንም ሊያበጀው ይችላል፤ እንደ ሰውም ሕይወት ቢወድቅ ይሰበራል። ሰው ከምድር አፈር መበጀቱን ከኦሪት የተማርን እኛ ይህን ምሳሌ ለመረዳት አይቸግረንም።

ጭቃ ሙት አያስነሣም፥ ጦርነትንም አያስቀርም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን አንዱን ምስል ለማበጀት የተቀመጠ ሰው ለዚያች ጊዜ ያህል ስለ አንድ ሟች ብቻ ያስባል፤ ግፍ የሚጀምረውም ሰውን እንደ አንድ ነፍስ ማየት በቀረ ጊዜ ነው።

እኛም በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር ሙታናችንን በክርስትና ስማቸው እንጠራለን። እንግዲህ የግፍ ሞት ወሬ ወደ ቤታችን በገባ ጊዜ፥ በልጆቻችን ፊት «ስንት ሞቱ?» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «እነማን ነበሩ? ማንስ ያለቅስላቸዋል?» ብለን እንጠይቅ። የሞቱት ከማዶ ወገን ቢሆኑም እንኳ እንጠይቅ። ልጅ ርኅራኄን የሚማረው ከወላጁ ጥያቄ ነውና።