ክኒኑ ዝም ባለባቸው ሳምንታት

በድባቴ የተያዘ ሕሙም መድኃኒቱን መዋጥ ከጀመረ ሳምንት ሲሞላው ልቡናው እንደ ቀድሞው ቢከብደው፣ «ይህም አልሆነልኝም» ብሎ ክኒኑን ማስቀመጡ፣ የሚወዱት ዘመዶቹም «ተወው፣ ከንቱ ድካም ነው» ማለታቸው፣ ዘወትር የምናየውና እጅግ የሚያሳዝነን ነገር ነው።

ፍሉኦክሴቲንና መሰሎቹ የድባቴ መድኃኒቶች ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ወጣበት ሕዋስ ተመልሶ እንዳይመጠጥ መንገዱን የሚዘጉት በሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ሐዘኑ የሚለዝበው ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በአንጎል ግንድ፣ ራፌ በሚባለው ሥፍራ፣ ሴሮቶኒን የሚያመነጩት ሕዋሳት የገዛ ምርታቸውን የሚለኩበት ተቀባይ በአካላቸው ላይ አላቸውና፣ መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን ሴሮቶኒኑ በዙሪያቸው ሲበረክት ያ ተቀባይ ይገታቸዋል፣ እነርሱም ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ክኒኑ የሰጠውን ሕዋሱ ራሱ መልሶ ይነሣዋል። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲዘልቅ ግን የተቀባዩ ንቃት ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ሕዋሳቱም ወደ ትጋታቸው ይመለሳሉ።

የካናዳው ሊቅ ክሎድ ደ ሞንቲኚ ከጆርጅ አጋጃኒያን ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ትራይሳይክሊክ የሚባሉት የቀድሞ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ የተሰጧቸው አይጦች የፊት አንጎል ሕዋሳት ለሴሮቶኒን ይበልጥ የነቁ ሆኑ። በ1981 ደግሞ ደ ሞንቲኚና ባልደረቦቹ እነዚህ መድኃኒቶች ላልረዷቸው 8 ሕሙማን ሊቲየም የተባለውን ሌላ መድኃኒት ቢጨምሩላቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ቀለል አላቸው፤ የኋለኞቹ ሙከራዎች ፈውሱ ሁልጊዜ እንዲህ ፈጣን አለመሆኑን ቢያሳዩም፣ የቀደመው መድኃኒት አንጎሉን በስውር ሲያሰናዳው መክረሙን ያመለከተ ነገር ነበር። የድባቴ ምሥጢር ሁሉ በሴሮቶኒን ብቻ ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም።

ሱባኤ የገባውን ሰው በሦስተኛው ቀን «ምን አገኘህ?» ብሎ የሚያስወጣው የለም፤ ክኒን ለሚውጠው ሕሙም ይህን ትዕግሥት ስለ ምን እንነፍገዋለን? ስለዚህ ሐኪሙ ማዘዣውን ሲጽፍ፣ ፋርማሲስቱም ክኒኑን ሲያስረክብ፣ መዘግየቱንና የመዘግየቱን ምክንያት በግልጽ ሊነግሩት ይገባል፤ ይህን ሳይነግሩ መስጠት ለእኔ መድኃኒቱን በግማሽ መስጠት ነው። ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከፈውሱ ቀድመው ሊመጡ፣ በወጣቶችም ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በዚያው ሰሞን ሊበረታ ይችላልና፣ ቤተሰቡ ከአጠገቡ አይራቅ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮም ለወር ሳይሆን ለሳምንት ይሁን።