“እዚያ ደግሞ ምን ይታያል?”

በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ በእግር መጓዝ ፋሽን ሆኗል። እሰየው! እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ወንጪ፣ ዝቋላ… ማኅበሩ ብዙ ነው፤ ቆቡ፣ ምርኩዙ፣ የጀርባ ሻንጣው ሁሉ ተሟልቷል። ከእነዚህ ተጓዦች አንዱን “እስቲ አንድ ጊዜ ወደ አሰበ ተፈሪ ብቅ በሉ” ቢሉት ግን መልሱ የታወቀ ነው፦ “እዚያ ደግሞ ምን ይታያል?”

ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ፍርድ ነው። ፈራጁም ምዕራብ ሐረርጌን የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። በታኅሣሥ ቁልቢ ሲሄድ በሌሊት አልፎታል፤ ከጭሮ የሚያስታውሰው ቁርስ የበላበትን ቤትና የጫት እስር ይዘው መስኮቱን የሚያንኳኩትን ልጆች ነው። ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ አምስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ እንቅልፍ ላይ ነበር። ተኝቶ ያለፈበትን አገር “ምን ይታያል” ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?

እኛም የአገሩ ልጆች ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። አንድ እንግዳ በእግሩ ተራራ ሲወጣ ያየ የኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “መኪና ተበላሸብህ ወይ?” ብሎ ነው። በእግር መሄድ እዚህ የድህነት ምልክት እንጂ የደስታ ምንጭ ተደርጎ አይቆጠርም። በዓመት ሦስት መቶ ቀን የሚሄድበትን ሰው አልወቅሰውም። ሆኖም ይኸው የእግረኛ አገር ከየትኛውም “ሪዞርት” በፊት መንገዱን አበጅቶ ቁጭ ብሏል፤ የቀረው የሚሄድበት ነው።

ታሪክ ካስፈለገም አለ። በ1879 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ከአገሩ ሰው ከዡል ቦረሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ሐረር የተጓዘው በዚሁ በጨርጨር ደጋ ላይ ነው። በደብዳቤው ካሰፈራቸው ስሞች መካከል ገለምሶ፣ ሂርና፣ ቡርቃና ጨለንቆ ይገኛሉ። ስለ ሂርና ሲጽፍ ሸለቆዎቹ በደን የተከበቡ እንደነበሩና ሰው በጥላ ሥር ይሄድ እንደነበር፣ ቡናም እንዳየ ይነግረናል። ይህን የሚያነብ የሂርና ሰው መጀመሪያ ይኩራራል፣ ቀጥሎ አንገቱን ይደፋል። ዛሬ በዚያ ሸለቆ የሚሄድ ሰው ጥላ የሚያገኘው ከጃንጥላ ነው። ማሽላውና ጫቱ እስከ ገደሉ አፋፍ ወጥቷል። ገበሬው ምን ያድርግ? መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው፣ ጫት ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ነገር ግን የጠፋውን ጥላ ለመቁጠር እንኳ በመንገዱ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

የከተማችንም ታሪክ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሯት በጊዜው የጨርጨር ገዥ የነበሩት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከእሳቸው በኋላ በዚያው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ ጨርጨርን ለሌላው ጠቅላይ ግዛት አርአያ ለማድረግ ሲደክሙ ከዋና ሥራቸው አንዱ የመንገድ ሥራ ነበር። ለአርአያነት የታጨ አገር ዛሬ “ምን ይታያል?” ሲባል መስማት ቀልድ ነው።

እንግዲህ የሚታየውን ልናገር። ከጭሮ በአርበረከቴ አድርጎ ወደ ኩኒ የሚወስደው መንገድ እየወጣ ሲሄድ አየሩ ይቀዘቅዛል። ከኩኒ አጠገብ ጃሎና ሙክታር የሚባሉ ሁለት ተራሮች አሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኩኒ ሙክታር ጥብቅ ክልል ተብለው የተከለሉት ለደጋ አጋዘን ሲባል ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሳይንስ ያወቀው እንኳ ዘግይቶ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸውም እሱ ነው፤ ስንቱ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት እየዞረ አያውቀውም! (አሥር ሳንቲሙም እንደ አጋዘኑ ብርቅ ሆኗል።) በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ግርግር ጊዜ ደኑ ተመነጠረ፣ አጋዘኑም ተገደለ። ቦታው ስሙ ቀርቶለት ጠባቂ ያጣበት ዘመን ረጅም ነው። ታዲያ ከኩኒ ተነሥቶ ወደ ተራራው ወጥቶ መመለስ ለጤነኛ እግር የአንድ ቀን ሥራ ነው። አጋዘን ላያዩ ይችላሉ። ከደኑ የቀረውን ግን ያያሉ፤ ከጭሮ ቢሮ ሆኖ ሪፖርት ከሚጽፈው ሰው በላይም ያውቃሉ።

አሰቦት ሌላ ነው። ከቆላው መሐል ብቻውን የቆመው ተራራ፣ በላዩ ያለው የደብረ ወገግ ገዳምና በዙሪያው የተጠበቀው የጥድና የወይራ ደን ከታች ካለው ግራር ጋር ሲተያዩ ሁለት አገር ይመስላሉ። የከተማ ሰው አሰቦትን የሰማው በ2004 ዓ.ም. ደኑ በተቃጠለ ጊዜ ነው። የግድ እስኪቃጠል መጠበቅ አለብን? ወደዚያ የሚወጣ ሰው ግን ቦታው መናፈሻ አለመሆኑን ይወቅ፤ አስፈቅዶ፣ ዝም ብሎ፣ የገዳሙን ሥርዓት ጠብቆ ነው።

ወደ ደቡብ ርቆ ዳሮ ለቡ ወረዳ የሚገባ ደግሞ የመቻራን ዋሻዎች ያገኛል። ስለ ሶፍ ዑመር ያልሰማ የለም፤ ስለ አቸሬና ስለ ሩኬሳ ግን ማን ሰምቷል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ምሁር አስፋወሰን አስራትና የእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእነዚህ ዋሻዎች ውስጥ ጠብታ የገነባቸውን የድንጋይ ዓምዶች መርምረው የጥንቱን የዝናብ ታሪክ አንብበውባቸዋል። በውጭ አገር የሳይንስ መጽሔቶች ስሙ የታተመ ቦታ በገለምሶ ትምህርት ቤቶች በራሪ ወረቀት እንኳ የለውም።

ባለሥልጣኑ ይህን ሁሉ ሲሰማ የሚመልሰው አንድ ነው፦ “መሠረተ ልማቱ ሲሟላ።” መሠረተ ልማት ማለት በእሱ አነጋገር ባለኮከብ ሆቴልና አስፋልት ነው። በ2012 ዓ.ም. “ገበታ ለሀገር” ሲባል ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተመረጡ፤ መልካም። እኛ ግን ገበታ አልጠየቅንም። በ1990ዎቹ ወሎ ውስጥ መቄት ላይ ገበሬዎች ራሳቸው ጎጆ ሠርተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ ተጓዡን ከመንደር ወደ መንደር በእግር እያሸጋገሩ ገንዘቡን ሲካፈሉ ታይቷል። ለዚያ አስፋልት አላስፈለገም። የአገሩ ካርታም ቢሆን ባለ 1፡50,000 ሆኖ ከተነሣ ቆይቷል፤ አንድ ወቅት ለመግዛት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠየቅበት የነበረ መሆኑ ስለ እኛ ብዙ ይናገራል። የራስን ተራራ ለማየት ደብዳቤ!

ስለ ጸጥታ ዝም ካልኩ ዋሽቻለሁ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ሚኤሶም ያንን ታውቀዋለች። አንዳንድ ሰሞን መሄድ የማይገባበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያውቀው ግን ፌስቡክ ላይ የተቀመጠው ሳይሆን የቦታው ሽማግሌ ነው። ጠይቆ፣ የአገሩን ልጅ ይዞ፣ ሰላምታውን በኦሮምኛ ተምሮ የሚመጣ ሰው እንደ እንግዳ ይቆጠራል። ሳይጠይቅ የሰው ማሽላ ውስጥ ካሜራ ይዞ የሚገባማ በጉለሌም ቢሆን ይጠየቃል።

ስለዚህ የተጓዥ ማኅበራቱን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ዝናቡ ሲያበቃና ማሽላው ሲያፈራ፣ አንዱን ቅዳሜ ለኩኒ ስጡት። ዓርብ ጭሮ እደሩ፤ አልጋው ቀላል ነው፣ አገልግሎቱም እንዲሁ። ጠዋት ሆጃ ጠጥታችሁ ውጡ። አስጎብኚ የሚሆናችሁን ወጣት ከኩኒ ያዙ እንጂ ከአዲስ አበባ አታምጡ፤ የቀኑንም ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት።