ማባቲ ዴክ አይደለም

ባለፈው ወር አንድ የቆየ ደንበኛዬ ከሞያሌ ደወለልኝ። ቤቱን ባለ ሁለት ፎቅ ሊያደርግ ነው፣ ልጆቹን ሊያስገባበት። «ዴክ ውድ ነው፤ ያው ባለ ጥርስ ቆርቆሮ አይደል? ርካሹን ማባቲ ጫንልኝ» አለኝ። ለሶሌታ ከሆነ አልጭንም አልኩት። «ሌላ ሰው ይጭንልኛል» ብሎ ዘጋብኝ።

እውነቱን ነው፣ ይጫንለታል። እኔን የሚያናድደኝም ደንበኛው አይደለም፤ የጣሪያ ቆርቆሮ «ዴክ» ብለን የምንሸጥ እኛው ነጋዴዎች ነን።

ዴክ ጎኑን በእጃችሁ ብትዳስሱት ጉብጉብ ያለ ነው። አርማታው ሲደርቅ እነዚያን ጉብታዎች ነክሶ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ የሶሌታው የታችኛው ፌሮ ሆኖ ይሠራል። የጣሪያ ቆርቆሮ ልሙጥ ነው። ጭነት ሲበዛበት አርማታው ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ብረቱም ከሥራ ውጭ ይሆናል። መሐንዲሱ ቆርቆሮውን እንደ ጣውላ ብቻ ቆጥሮ ፌሮውን በሙሉ ካስገባ ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር እርጥብ አርማታ በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሠራተኛውና ጋሪው ሲጨመር ስስ ቆርቆሮ ያለ በቂ ባህር ዛፍ አይችለውም።

ውፍረቱ ላይ ያለው ማጭበርበር ደግሞ የባሰ ነው። ዩሮኮድ 4 ለዴክ የሚመክረው ዝቅተኛ ውፍረት፣ ዚንኩ ሳይቆጠር፣ 0.70 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ግን «ጌጅ» እያልን እናደናግራለን። ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ እንደሚሳሳ የማያውቅ ገዢ 28 ከ22 የሚበልጥ መስሎት ይደሰታል! ሲሸጥለት አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ፣ አልዋሽም።

ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሜትርና ሚዛን ይበቃል። ሜትሩን ጥርሶቹን ተከትላችሁ ከዳር እስከ ዳር ለኩ። 1.2 ሜትር መጣ እንበል። ይህን በ0.75፣ ከዚያ በ7.85 አባዙት፤ አንድ ሜትር ርዝመት 7 ኪሎ ያህል፣ ባለ 6 ሜትሩ ደግሞ ከ42 ኪሎ በላይ መምጣት አለበት። 28 ኪሎ ከመጣ የተሸጠላችሁ 0.5 ነው። ዚንኩ የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው።

«ዴክ ካለ ፌሮ አያስፈልግም» የሚሉትም አሉ። ከሥር እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚግለውና የሚደክመው ያ ብረት ነው፤ ስለዚህ ከላይ የፌሮ መረብ ይገባል። መሐንዲሱ ያዘዘውን ማስቀነስ የሻጭ ሥራ አይደለም።

«ገዢው ራሱ ርካሽ ፈለገ» የሚለው መልስ ሰለቸኝ። ገዢው አርማታው ከፈሰሰበት በኋላ ምን ማየት ይችላል? ኮርኒስ ይመታበታል፣ አለቀ። ስሙ ግን ደረሰኙ ላይ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የዴኩን ዓይነትና የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር እንጻፍ። የማይጽፍላችሁ ሻጭ ካለ፣ እኔም ብሆን፣ ሂዱበት።

ሚዛኑና ካሊፐሩ መጋዘኔ በር ላይ ናቸው፤ ከሌላ የገዛም ይምጣና ይለካ። ያ ደንበኛዬ እስካሁን አልደወለም። ባለፈው ሳምንት ግን መኪናውን ከማዶ ካለው መጋዘን ጭኖ ሲወጣ አየሁት።