ሒሳብ በአለንጋ አይገባም

የሕፃናት ትምህርት የወላጅም፣ የመምህሩም፣ የመላው ኅብረተሰብም የጋራ ኃላፊነት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በማባዛት ትምህርት ረገድ አንድ ጎጂ ልማድ ገና ከመካከላችን አልተነቀለም። ይኸውም ልጁ ትርጉሙን ሳይረዳ ሠንጠረዡን በቃሉ እንዲወጣው ማስገደድ፣ ሲሳሳትም መግረፍ ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ «ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አራት» እያለ ያነበንባል፤ ሃያ አራቱ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ ግን አንገቱን ይደፋል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። 24 ኮርኪ ወይም ጠጠር ይበቃል። ልጁ ስድስት ስድስት እያደረገ በ4 ረድፍ ይደርድር። ከዚያም ዞሮ ከጎን ይመልከተው፤ አራት አራት የያዙ 6 ረድፎች ያገኛል። በሰልፍ ሜዳ «ወደ ቀኝ ዙር!» ሲባል የረድፉ መልክ ይለወጣል እንጂ ከሰልፈኛው አንድም አይጨምርም፣ አንድም አይጎድልም። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ከ1 እስከ 9 ባለው ሠንጠረዥ ከሚገኙት 81 ውጤቶች መካከል ማጥናት የሚኖርበት 45ቱን ብቻ ነው።

የሚከብደውም በዚሁ መንገድ ይቃለላል። 7 ጊዜ 8 ቢጠፋው፣ ስምንት ስምንት ጠጠር በ7 ረድፍ ደርድሮ ከአምስተኛው ረድፍ በታች እንጨት ያጋድም። በላይ 40፣ በታች 16፣ በድምሩ 56 ይሆናል።

በቃል ማጥናት አያስፈልግም አንልም፤ መረዳት ይቅደም እንላለን። ስለዚህ የከተማው ነዋሪዎችም ሆንን የሠራዊቱ አባላት፣ አለንጋውን አስቀምጠን ከልጆቻችን ጋር ጠጠር መደርደር ይጠበቅብናል። ልጅን ከፍርሃት ነፃ አድርጎ ማስተማር የሁላችንም ግዴታ ነው።